ጡት የከለከልኩት ልጅ

መጀመሪያ ያቃጠለኝ ወገቤን ነበር። ልብስ ሲነካኝ እጮሃለሁ። ከዚያ በአንድ ጎኔ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ። አማቴ አዩና «አልማዝ ባለጭራ ነው» አሉ፤ አልተሳሳቱም። ኩፓት ሆሊም የሚባለው የጤና መድን ክሊኒክ ሐኪም ግን ነፍሰ ጡር መሆኔን አይታ ለምርመራ ደም እንድሰጥ አዘዘች።

ውጤቱ ኤችአይቪ ነበር። ከመጀመሪያው ትዳሬ ይዤው የመጣሁ ነው። ባለቤቴ ተመረመረ፤ ነፃ ሆነ።

«ፈዋሽ መድኃኒት ገና እየተፈለገ ነው» አለችኝ ሐኪሟ። «ቫይረሱ እንዳይራባ የሚያደርግ ግን አለን። በየቀኑ ከወሰድሽው ባልሽንም ልጅሽንም ትጠብቂበታለሽ። ጡት ግን አታጥቢ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኔ ደግሞ መድኃኒቱን አግኝቼ በሽታውን ደበቅኩ። ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም። ክኒኑን የምውጠው መታጠቢያ ቤት ቆልፌ ነበር።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። አራስ ጠያቂ ሴቶች ገንፎ ይዘው ሰፈራችን ኔቬ ዮሴፍ ድረስ መጡ፤ ራቅ ካለው ከክርያት ሐይም ሳይቀር። «ወተት የለኝም» እላለሁ፤ ቀሚሴ ርሶ ያሳብቅብኛል። አማቴ ታዘቡኝ።

ቅዳሜ፣ የሰንበት ጠዋት፣ ባለቤቴ ለጸሎት ምኩራብ ሄደ። ልጁ ርቦት አለቀሰ። የዱቄት ወተቱ ቆርቆሮ ቦታው ላይ የለም።

«ደብቄዋለሁ» አሉ አማቴ። «ሲርበው ጡትሽን ይይዛል።»

አንስተው ደረቴ ላይ አደረጉት። አፉን ከፈተ። ገፋሁት። ልጄን ገፋሁት።

«እማማ፣ ደሜ ውስጥ ኤችአይቪ አለ። ከጠባ ሊይዘው ይችላል።»

ልጄን ነጥቀው የሚያባርሩኝ መሰለኝ። ፈራሁ።

ቆርቆሮውን ከነጠላቸው ሥር አወጡ። ውሃ ጣዱ። ጎንደርም ሆነ እዚህ ቅድስት አገር በሰንበት እሳት ነክተው የማያውቁት ሴት ክብሪቱን ራሳቸው ጫሩ።

«ነፍስ ከሰንበት ይበልጣል» አሉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ። «ምነው ሳትነግሪኝ?»

ወተቱን ከእጃቸው ተቀብዬ ልጁን መገብኩት።

ሽፍታው ቀስ እያለ ደርቆ ጠባሳው ብቻ ቀረ፤ የልጁም ደም በየቀጠሮው ተመረመረ። በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሟ «ልጅሽ ነፃ ነው፤ ያንቺም ቫይረስ በምርመራ የማይታይ ያህል ቀንሷል» ስትለኝ፣ ከአማቴ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን አውቶቡሱ ሽቅብ ወደ ሰፈራችን እስኪያደርሰን ድረስ ስናለቅስ ነበር።

እህቴ፣ ስታረግዢ ተመርመሪ። ክኒንሽን አታቋርጪ፤ ፈዋሹ እስኪገኝ በጤና መቆየት ያንቺ ድርሻ ነው። ለሁሉም ንገሪ አልልሽም፤ የኛ ሰው ወሬ ከአውቶቡስ ይቀድማል። ልጅሽን ለሚይዝልሽ ሰው ግን ንገሪ።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ። አማቴን በምን ቃል እንደማመሰግን አላውቅም። አሁን ክኒኔን የምውጠው ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው፤ ውሃውን የሚያቀብሉኝ እሳቸው ናቸው።