አባቴ ብዬ ስጠራ

ልጄ ሲታመም መጀመሪያ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። አምስት ዓመቱ ነው፤ ከሲታ፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር። ክረምቱ ሲወጣ ፊቱ ሞላ፣ ጉንጩ ወጣ፣ ሆዱም ገፋ አለ። ዘንዘልማ ሰፈር ከገባን ገና ዓመታችን ነበርና ጎረቤት ሁሉ ያየናል። በራፋችን ላይ ሱቅ ያላቸው ሰውዬ «ማሻአላህ፣ ወፈረልህ!» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «ምን ጎድሎበት፣ አባቱ አለለት» እላለሁ። እናቱ ግን ጠዋት ጠዋት ዓይኑ አብጦ አልገለጥ እንደሚለው አይታ «ይኼ ነገር ውፍረት አልመሰለኝም» አለችኝ። «ልጄ ሥጋ አወጣ ተብሎ ይለቀሳል?» ብዬ ተቆጣኋት። አንድ ማታ ካልሲውን ሳወልቅለት የላስቲኩ ቦታ እግሩ ላይ ጎድጉዶ ቀረ። በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ጣቴን ባነሳም ጉድጓዱ አልሞላም። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቃል አታበዛም። ኩላሊቱ መያዝ ያለበትን ፕሮቲን በሽንቱ እየለቀቀው እንደሆነ ነገረችን። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘች፤ ጨው ከለከለች፤ ጠዋት ጠዋት ሽንቱ ውስጥ የምንነክረው ቀጭን ወረቀትም ሰጠችን። ቢጫ ሆኖ ከቀረ ደህና ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው።

«አራት ሳምንት እናያለን» አለች። «መድኃኒቱን ካልተቀበለ ከኩላሊቱ ናሙና መወሰድ አለበት። እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ነው።»

«እስከዚያ እኔ ምን ልሥራ?»

«ይጠብቁ።»

እኔ መጠበቅ አላውቅም። ሥራዬ ጣና ዳር የጀልባ ሞተር መጠገን ነው። ሞተር ዝም ሲል ካንዴላውን እፈታለሁ፣ የነዳጁን መስመር እነፋለሁ፣ የሐይቁ አረም እምቦጭ ተጠምጥሞበት እንደሆነ ውኃ ውስጥ ገብቼ እየቆረጥኩ አወጣለሁ። ጀልበኞች ሲያለቃቅሱብኝ «ዞር በሉና ልሥራበት» ማለት ልማዴ ነው። አሁን የገዛ ልጄ ሲበላሽብኝ የምፈታው ብሎን አጣሁ። ያገኘሁት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ጨው የሌለው ወጥ አብሬው እበላለሁ። «ይኼ አልጫ አይደለም፣ ውኃ ነው» እያለ ያኮርፋል፤ እኔም እውነቱን ስለሆነ ጎርሼ እውጣለሁ።

ጠዋት ጠዋት ወረቀቱን እነክራለሁ። እሱ ከአልጋው ሆኖ «ዛሬም ሣር ነው?» ይለኛል። አረንጓዴውን ሣር ብሎ ሰይሞታል። «ሣር ነው፣ አባቴ» እለዋለሁ። አንደኛው ሳምንት ሣር፣ ሁለተኛው ሳምንት ሣር።

ማታ ራት ሲቀርብ ቆመን አባታችን ሆይ እንላለን። በቤቱ ጮክ ብሎ የሚያደርሰው ልጄ ነው፤ በቅርብ ስለቻለው ይኮራበታል። በሁለተኛው ሳምንት «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች» የሚለው ላይ ስንደርስ አፌን ዘጋሁ። የዕለት እንጀራችን የሚለው ላይ ስንደርስ ተመልሼ ገባሁ። ያስተዋለኝ የለም ብዬ ነበር።

«አባዬ፣ ዘለልህ» አለ።

«ረሳሁት» አልኩት። አልረሳሁትም። ፈቃዱ ምን እንደሆነ ስላላወቅኩ ፈርቼ ነው።

የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። ጠበል ረጭተው፣ መስቀል አሳልመውት ሲያበቁ እኔን በራፍ ላይ አገኙኝ።

«አይዞህ ልጄ። እግዚአብሔር አባት ነው፤ አባት ልጁን አይጥልም» አሉኝ።

ያን ቀን ንዴቴ አፍንጫዬ ላይ ነበር። «እኔም እኮ አባት ነኝ፣ አባ! ብችል በሽታውን ዛሬውኑ ነቅዬ በጣልሁለት ነበር። አልቻልሁም። እሱ ይችላል፤ ችሎ ዝም ይላል። እንዴት ያለ አባት ነው?» አልኳቸው። ለካህን እንደዚህ ይባላል? እናቱ ከውስጥ ሰምታ ፊቷን ሸፈነች።

እሳቸው አልተቆጡም። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔም አላውቀውም» አሉኝ። «የሁለት ልጅ መቃብር አለኝ፤ ያን ጊዜም ጠየቅሁት፤ አልነገረኝም። ብቻ አባት እያልሁ ነው የጠየቅሁት። አንተም አባት እያልህ ተጣላው።» ከዚያ ሰላም ሁኑ ብለው ሄዱ። ተግሣጽ ጠብቄ ስለነበር የባሰ ከፋኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዘውና ሆስፒታል ተኛ። መድኃኒት በደም ሥሩ መግባት ነበረበት፤ እጁ ግን አብጦ የደም ሥሩ አልታይ አለ። አንዱ ቦታ ተወጋ፣ አልሆነም፤ ሌላ ቦታ ተወጋ፣ አልሆነም። ልጁ ተፈራገጠ።

«እናት ውጭ ይጠብቁ» አለች ነርሷ። «አባት፣ እርስዎ ጠንከር አድርገው ይያዙት።»

ያዝኩት። ብሎን በሚፈታ እጄ ሁለት ቀጫጭን ትከሻ አልጋው ላይ አጣብቄ ያዝኩ። እሱ ዓይኔን እያየ «አባዬ አድነኝ! አባዬ አስጥለኝ!» ይላል። ከማን ላስጥለው? ያስወጋው እኔ፣ የያዘው እኔ። ምክንያቱን ባስረዳው አይገባውም፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ስለ ደም ሥር ምን ይወራል? «ትንሽ ቆይ፣ አባቴ፣ ትንሽ ቆይ» እያልኩ ያዝኩት። መርፌው በአራተኛው ገባ። ስለቀው ይጠላኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዞር አለና ፊቱን እዚያው የያዝኩበት ክንዴ ሥር ወሽቆ እየተንሰቀሰቀ እንቅልፍ ወሰደው። ክንዴ እስኪደነዝዝ ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ።

ትኩሳቱ በረደ። እብጠቱ ግን እንደነበረ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቱ ልብስ ልትቀይር ቤት ሄደች፤ እኔና እሱ ቀረን። በማግስቱ አራተኛው ሳምንት ይሞላል። ወረቀቱ ካልተለወጠ አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ ደግሞ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ልጁ ተኝቷል ብዬ ግንባሬን የአልጋው ብረት ላይ ደገፍኩና አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ። የተለመደው ቦታ ላይ ስደርስ እንደገና ተያዝኩ። መዝለልም አቃተኝ። የቀረኝ የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነበር።

«አባቴ» አልኩ። «አባቴ፣ አባቴ…»

«አቤት» አለኝ።

ቀና ስል እብጠቱ የፈቀደለትን ያህል ዓይኑን ገልጦ ያየኛል። ከተወለደ ጀምሮ አባቴ እያልኩ የምጠራው እሱን ነውና፣ የተጠራ መስሎት አቤት አለ። አንተን አይደለም ልለው አልቻልኩም። ለየትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ከአፌ አመለጠኝ።

«አትተወኝ» አልኩ።

«እሺ» አለ። ትንሽ አሰበና «የት እሄዳለሁ? አንተ ይዘኸኝ የለ?» አለኝ።

ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ። ምን ያህል ፈርቼ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ለራሴ ያመንኩት። ያ ልጅ ይዤ አራት ጊዜ ባስወጋሁበት እጄ ላይ ያለው እምነት፣ እኔ በሠሪዬ ላይ የለኝም።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ነከርኩ። ሐኪሟ የሰጠችን ጥቅል ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። አንስቼ ወደ ብርሃኑ ያዝኩት፤ ደግሜም አየሁት።

«ሣር ነው?» አለኝ።

«ሣር ነው፣ አባቴ። አዲስ አበባ ልንሄድ ነው።»

«እዚያም መርፌ አለ?»

ልዋሸው አሰብኩ። «አለ» አልኩት።

«የምትይዘኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ እሺ» አለና ጫማውን እንዳደርግለት ያበጡ እግሮቹን ዘረጋልኝ።