ምራቂ አልነበርኩም

ገዢው የመኪናውን የሾፌር ወንበር አንስቶ ከስሩ ያለውን የነዳጅ ታንክ በጣቱ አንኳኳ። ባዶ ነበርና ድምፁ እስከ በረንዳው ድረስ ተሰማ። ከድምፁ ጋር የቆየ የቤንዚን ሽታ መጣና አፍንጫዬን በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩ።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አለ።

«ተጨማሪ የነዳጅ ሰልባትዮ ነው» አለው የባሌ ታናሽ ወንድም። «የወንድሜ አማት በእጃቸው የሠሩለት ነው፤ እስከ ዛሬ ጠብ ብሎ አያውቅም። ሽማግሌው ሰልባትዮውን ሠርተው ሲያበቁ ልጃቸውን መረቁለት!»

ተሳሳቁ። ወዲያው እኔ በረንዳው ላይ መኖሬ ትዝ አለውና ደነገጠ። «አይዞሽ እትዬ፣ እሱ ራሱ ሲያወራው የሰማነው ነው እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ሲያወራው የኖረው ባሌ ራሱ ነው። ሆዴን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። በቀብሩ ዕለት በተነበበው የሕይወት ታሪክ ውስጥ እንኳ አባቴ «በጥንቃቄ የሠሩለት ታንክ» አንድ ሙሉ አንቀጽ ተሰጥቶታል። እኔ «ትዳር መሥርቶ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው ያለሁት። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቡራዩ ላይ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ አባቴ የብየዳ ቤት ነበረው። የተቃጠለ ብረት ሽታና ከጎረቤት ወፍጮ ቤት የሚመጣው የዱቄት ብናኝ አንድ ላይ ይቀላቀሉና ልብሳችን ላይ ይቀመጡ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ፣ አባቴን አግዛለሁ።

አንድ ቀን ረጅም ቀጭን ሾፌር ላንድሮቨር ይዞ መጣ። የከብት ክትባት ሠራተኞችን ወደ ቆላ የሚያመላልስ ነበር። እዚያ አገር ቀናት ሄደው ማደያ አያገኙም። ቤንዚኑን በጀሪካን ከሰዎቹ ጋር ውስጥ ጭነው ሲሄዱ ሽታው ያዞራቸዋል። በመጨረሻው ጉዞ ነዳጅ አልቆባቸው ሲቆሙ ክትባቱ የታሸገበት በረዶ ቀለጠና ሁሉም ተበላሸ። «ሰዎቹ ከብታቸውን አሰልፈው ጠብቀውን ባዶ እጃችንን ደረስን» አለ። ከዚያ በብብቱ ስር የያዘውን ካርቶን ዘረጋ። በሾፌሩ ወንበር ስር ያለውን ባዶ ቦታ ለክቶ፣ የብስኩት ካርቶን ቆርጦ፣ በፕላስተር አጣብቆ የታንኩን ቅርጽ ራሱ ሠርቶታል። አባቴ ካርቶኑን እያገላበጠ ሳቀ፤ ሰው ሲወድ እንደዚያ ነበር የሚስቀው።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። መኪናው ሲዘል ቤንዚኑ እንዳይናጥ አባቴ ታንኩ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ግድግዳዎች አበጀ። ፍተሻው ደግሞ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የእኔ ሥራ ነበር። ታንኩን በውሃ እሞላለሁ፣ ውጩን በጨርቅ አደርቃለሁ፣ ከዚያ የተነፋ አመድ የተበየደበት መስመር ላይ ሁሉ እነሰንሳለሁ። ውሃ ሾልኮ ከወጣ አመዱ ይጠቁራል። «ሰው ይዋሻል፣ አመድ አይዋሽም» ይል ነበር አባቴ።

ቅዳሜ ጠዋት ሊወስዱት መጡ። የክትባቱ አለቃ ሰዓቱን ያያል፣ ሠራተኞቹ ዕቃ ጭነው ጨርሰዋል። አባቴ በኦሮምኛ «ኦቦ» የሚላቸው ባለ ወፍጮው ጎረቤታችንም ሊያዩ መጥተዋል። እኔ ተንበርክኬ መስመሩን ሳይ ከታች በኩል፣ ማዕዘኑ ላይ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል ጥቁር ነጥብ አየሁ።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ረጥቧል።»

መጣና ጎንበስ አለ። አየው። ማየቱን እምላለሁ፣ ዓይኑ አንድ አፍታ ቆሟል። ከዚያ ነጥቡን በአውራ ጣቱ ጠረገው።

«ስትሞዪ ያንጠባጠብሽው ነው» አለ።

ሳቁብኝ። ባለ ወፍጮው «ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ሃያ ዓመት የበየደውን በአንድ ጭብጥ አመድ ልታፈርሺው ነው?» አሉ። ዱቄት የነካው ሆዳቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ።

ጣቱ። እስከ ዛሬ የማልረሳው እሱን ነው። ቢቆጣኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ያስተማረኝን ነገር እፊቴ ጠረገው። ሄጄ ወንፊቱን አመጣሁ፣ ማዕዘኑን በቀሚሴ ጫፍ አደረቅሁ፣ አዲስ አመድ ነሰነስኩና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ተነሺ!»

«አልነሳም።»

ለአባቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር። አለቃው «በልጅ ወሬ ልንውል ነው እንዴ?» ብሎ ለሾፌሩ በአገጩ ምልክት ሰጠው፤ ጫነውና እንሂድ ማለቱ ነው። ሾፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። መጥቶ ከጎኔ ቁጢጥ አለና አመዱን ማየት ጀመረ።

ወፍጮው ቆሞ እንደገና ተነሳ። ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ወጣች። አለቃው የመኪናውን ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ነፋ፣ እሱ ግን ራሱን አላነሳም። የትንፋሹ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። እግሩ ሲደነዝዝበት ሙሉ በሙሉ አቧራው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ያ ነጥብ ቀስ ብሎ ተመለሰ። መጀመሪያ ምስር አከለ፣ ቆይቶ ባቄላ።

«ጋሼ» አለ ሾፌሩ በትሕትና፣ «የምቀመጥበት እኮ እኔ ነኝ።»

ባለ ወፍጮው ብቻ «ዱጋ ኢሼቲ» አሉ፣ እውነቷን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ጮክ ብሎ የተናገረልኝ ሰው የለም። አባቴ ውሃውን ደፍቶ፣ ማዕዘኑን ሞርዶ እንደገና በየደው። ጉዞው ለሰኞ ተላለፈ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለአንድ ደንበኛ ሲያወራ ሰማሁት። «ትንሽ ነጥብ አየሁና፣ ሰው ከምገድል ይቅርብኝ፣ አይሄድም! አልኳቸው።» እኔን እስኪጠቅስ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። አየኝና ወሬውን ቀጠለ።

በዓመቱ ሾፌሩ ሽማግሌ ላከ። በሠርጋችን ላይ አባቴ ታሪኩን ለዕድምተኛው ሁሉ አወራው፤ የምራቂዋ ቀልድ ያን ቀን ተጀመረች። ባሌ በጠረጴዛው ስር እጄን ጨበጠኝ። ያኔ በቂዬ ነበር።

በኋላ ግን ራሱ ያወራው ጀመር። «ለምን እንደነበረው አትናገርም?» ስለው፣ «አባትሽን ላሳፍራቸው? ሲያርፉ እናገራለሁ» አለኝ። አባቴ አረፈ። መሥሪያ ቤቱ መኪናውን በጨረታ ሲሸጥ ባሌ ገዛው፣ ታሪኩም ከመኪናው ጋር ቤታችን ገባ። ሱሉልታ፣ ቤተሰቦቹ ጋ፣ ለፋሲካ ተሰብስበን ሲያወራው እንዲያውም ጨመረበት፤ አባቴ በጭንቀት እንቅልፍ አጥቶ እንዳደረ አድርጎ ተረከው። አፈጠጥኩበት። ወጡን በእንጀራ እያጠቀሰ ዓይኑን ሰበረ። ወደ ቤታችን፣ ወደ ሰበታ፣ ስንመለስ መንገድ ላይ «ለምዶብኝ ነው፣ ምን ያናድድሻል?» አለኝ።

ምን እንደሚያናድደኝ ያኔ መናገር አልቻልኩም፤ አሁን እችላለሁ። ከታሪኩ ያወጣው እኔን ብቻ አልነበረም። አለቃው ጥሩምባ እየነፋበት አቧራ ላይ ከጎኔ የተቀመጠውን ያንን ልጅም አወጣው። እኔ ያገባሁት ግን እሱን ነበር። ገዢ በመጣ ቁጥር፣ ለቅሶ በተቀመጥን ቁጥር፣ የሚሞገሰው ብየዳ ነው። ልጁን የሚያስታውሰው ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ።

ባሌ ታሞ በተኛ ጊዜ በክትባቱ ሥራ የተካው ወጣት ሾፌር ሊጠይቀው መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ለማጫወት ብሎ፣ «እንዴት ተገናኛችሁ?» አለው።

«አባቷ...» ብሎ ጀመረ ባሌ። ሳል ያዘው። ሳሉ ሲተወው ወደ እኔ ዞሮ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«አንቺ ንገሪው» አለኝ።

ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ሲመጣ ግን ያ ሁሉ እልህ አብሮት መጣ።

«ስታወራው የኖርከው አንተ ነህ፣ ጨርሰው» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። እንግዳው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን እያየ ጠበቀ። ሁለታችንም አልነገርነውም።