ኖርዌይ ድረስ የተላከ ሽማግሌ

ጉዳዩ በጠቅላላው ሰባት ሰንጋ ፈጀብኝ። አምስቱ ለትኬት፣ ሁለቱ ለቪዛ፣ ለካፖርትና ለመንገድ። ከነገሌ ፊልቱ ስመላለስ የኖርኩ የከብት ነጋዴ ነኝ፤ ለራሴ ሠርግ እንኳ የሸጥኩት ሦስት ነው።

ጥፋቱ የጓደኛዬ ነው። አብሮ አደጌ ነው፤ ከተማችን ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኖ ሲሠራ ከኖርዌይ የመጣችውን ነርስ ወደደና አገሯ ድረስ ተከተላት። አንድ ቀን ደወለ።

«አባቷን ልጠይቅ ነው። አባት የለኝ፣ አጎት የለኝ። ለገና እረፍታቸው ና፤ ሽማግሌዬ አንተ ነህ።»

«ሽማግሌ እኮ ሦስት ነው የሚላከው።»

«አንተ የሦስት ሰው ታወራ የለ?»

እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። አውሮፕላን ውስጥ ምግቡ ቀርቦልኝ እንኳ ከመስኮቱ ዓይኔን አላነሳሁም። ስንደርስ አገሩ በሙሉ ነጭ ነው። እኔ የማውቀው በረዶ ደጋው ቦሬ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፤ ይሄኛው ድምፅ የለውም፣ ሌባ ነው። ልጅቷ በወላጆቿ ቤት በር ላይ «አካም! ናጋ?» ብላ በኦሮምኛ እንደ እኛው አገር የወደራ ሰው ስትቀበለኝ ግማሹ ሥራ ያለቀ መሰለኝ።

አባትየው በግ አርቢ ናቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ። የዚያኑ ዕለት ምሽት ሳሎናቸው ገባሁ። ተቀመጥ ቢሉኝም ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥምና ቆምኩ። «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ደጅዎ መጥተናል» አልኩ። ጓደኛዬ እየተንተባተበ ተረጎመ።

«እሺ» አሉ።

በቃ። ሌላ ቃል የለም።

ደነገጥኩ። ገበያ ላይ በመጀመሪያ ዋጋ እሺ የሚልህ ሰው ካጋጠመህ የበሬውን ሳንባ አዳምጥ። እኛ ዘንድ ደግሞ አባት ልጁ ርካሽ እንዳትመስል ሽማግሌ ይመልሳል፤ አንዴም ሁለቴም። በአንድ ቃል የሚሰጥ ወይ ይቀልዳል፣ ወይ ልጁን አይወድም።

«እንዲህማ አይሆንም» አልኩ። «ያስቡበት፤ ነገ እንመለሳለን።» ብዬ በዋናው በር ወጣሁ።

ውጭ ነው የገባኝ፤ የማድረው እዚያው ቤት ነው። በበረዶው ቤቱን ዞሬ በጓሮ በር ወደ ማድቤት ስገባ ግራ ጆሮዬ በብርድ ደንዝዞ የእኔ አልነበረም። እናትየው አዩኝና ሾርባ ቀዱልኝ።

ጓደኛዬ ተከትሎኝ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «አበላሸኸው! አባቷ ‹በልጄ ላይ ምን ነውር አይቶ ነው እምቢ ያለው?› እያሉ ነው። እሷ እያለቀሰች ነው!»

«እምቢ መች አልኩ?»

«ታዲያ ምን አልክ? ሁለት ዓመት የደከምኩበትን!»

እዚያ ላይ እኔም ፈራሁ። ሰንጋዎቼን ሳይሆን እሱን አሰብኩ፤ ልጅቷን ቢያጣ የሚመለስበትም ፊት የለውም።

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዬን ይዤ አባትየው ያሉበት የበግ ጋጣ ገባሁ። ሱፉ ብዙ፣ ላት የሚባል የለ፤ እኛ ገበያ ቢቀርብ በሽተኛ ነው ይሉታል። ምርጧን በግ ጀርባዋን ዳስሼ «ስንት ናት?» አልኩ። ኮስተር እንዳሉ ዋጋ ጠሩ።

«እሺ» አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

አባትየው እጄን አልጨበጡም። በጓን ዞረው አዩ። አፏን ከፍተው ጥርሷን አዩ። ከዚያ በጥርጣሬ እኔን አዩ። «ለምን አልተከራከረም?» አሉ።

«እኔም ትናንት እንዲሁ ነበር የደነገጥኩት» አልኩ። «በግ እንኳ በአንድ ቃል አይሸጥም፤ ልጅዎ ደግሞ በግ አይደለችም።»

እስኪተረጎምላቸው ጠበቁ። ከዚያ ሳቃቸው በጎቹን አስበረገገ። የእምቢታውን ሥርዓት ልጃቸውን ጠርተው ተማሩ፤ በኦሮምኛ እምቢ ማለት «ላኪ!» መሆኑንም አስጠናቻቸው። የዚያን ዕለት ምሽት ቆሜ ጠየቅኩ። «ላኪ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ወጣሁ፣ ቤቱን ዞርኩ፣ ሾርባዬን ጠጣሁ። በሁለተኛው ምሽት እንደገና፤ አሁንማ ጣማቸው፣ «ላኪ! ላኪ!» እያሉ እስከ በር ሸኙኝ። ጓደኛዬን ሁለተኛዋ ላኪ እውነት መስላው ላብ አጠመቀው።

ሦስተኛው ቀን የገናቸው ዋዜማ ነበር። እንደ ቋንጣ ጨው ተነስንሶበት የደረቀ የበግ ጎድን ተቀቅሎ ቀርቧል፤ እኔ ግን ቆሜያለሁ። አባትየው ሹካቸውን አስቀመጡ። ልጃቸውን አዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እሺ» አሉ።

ያን ጊዜ ተቀመጥኩ።

ወጪ፦ ሰባት ሰንጋና የግራ ጆሮዬ ጫፍ። ገቢ፦ እናትየው የሠሩልኝ አንድ የሱፍ ሹራብ፤ በነገሌ ሙቀት አይለበስም።