«ዘንድሮ ምን አነበባችሁ?»

ደብረ ብርሃን ላይ አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ መጽሐፍ የምናነብ ጥቂት መምህራን ማኅበር ነበረን። ማኅበር ስል ቀልዴን አይደለም። የጽዋ ማኅበር እንዴት እንደሚዞር ሁላችንም ከየቤታችን እናውቅ ስለነበር ሥርዓቱን እንዳለ ወሰድነው። በወር አንድ ጊዜ ተረኛው ቤት እንሰበሰባለን፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ከዚያ በነጠላ የተጠቀለለው የወሩ መጽሐፍ ይወጣና ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ተቀባዩም ልክ እንደ ጽዋው ቆሞ በሁለት እጁ ይቀበላል። የቀረ ይቀጣል። ሐዘን የደረሰበትን አባል ሄዶ ያላጽናናም ይቀጣል። ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ የዓመቱ መዝጊያ ነው፤ እያንዳንዳችን በዓመቱ ካነበብነው የትኛውን እንደወደድን፣ የትኛው እንዳሰለቸን፣ ለሌላው የትኛውን እንደምንመርጥ እንናገራለን።

ያን ቀን እንደ በዓል ነበር የምጠብቀው። ጭቅጭቅ የሞላበት ቀን ነው፣ እኔ ደግሞ ስለ መጽሐፍ ስከራከር ልኬን የማላውቅ ሰው ነኝ። የማኅበሩ ሽማግሌ የነበሩት የአማርኛው መምህር «አንቺ ልጅ፣ ደራሲው ዘመድሽ ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ግን ሳቁ ቀነሰ። በዚያው ሰሞን አንድ የሒሳብ መምህር ከአዲስ አበባ ተዛውሮ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር፣ ካፖርቱን ቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቅ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ካፖርት አለማውለቅ ወንጀል አይደለም፤ እኛ ግን እሱንም ጠረጠርነው። ያገኘውን ሰው ሁሉ «ሰሞኑን ምን እያነበቡ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጆሮ ጠቢ ነው ተባለ። መጀመሪያ ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ማኅበራችሁ ውስጥ አስገቡኝ ሲለን እምቢ ማለቱ ከማስገባቱ የባሰ ስላስፈራን አስገባነው።

ከዚያ ወዲያ የምናወድሳቸው መጻሕፍት ተለወጡ። በዚያ ዓመት ጳጉሜን የአማርኛው መምህር ስለ በግ እርባታ የተጻፈች የእርሻ መመሪያ አንሥተው ለረጅም ጊዜ አመሰገኑ። የጂኦግራፊው መምህር የገብስ ዘር አመራረጥን አወደሰ። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት አቆፋፈር የምታስተምር ቀጭን መጽሐፍ «ልብ ትነካለች» አልኩ። ማንም አልሳቀም። የሒሳቡ መምህር ጥግ ላይ ተቀምጦ በትዕግሥት ይሰማናል።

ከመካከላችን ደፋሯ የእጅ ሥራ መምህርቷ ነበረች። አንድ ቀን ቤቴ መጣችና ከያዘችው የሱፍ ክር ቅርጫት ሥር ሽፋኑ የተገፈፈ መጽሐፍ አወጣች። «አንብቢውና አስተላልፊው፤ ማን እንደሰጠሽ ግን እርሺው» አለችኝ። አነበብኩት። ስለ አንድ ጭሰኛና ስለ ሴት ልጁ ነው። ባለመሬቱ ከእህሉ አልፎ ልጅቷን ራሷን ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ የባለመሬቱ ሰዎች ሲመጡ ልጅቷ በሩን ከውስጥ ትቀረቅርና ጀርባዋን አስደግፋ ትቆማለች። መጽሐፉ እዚያው ያበቃል፤ በሩ ይከፈት አይከፈት አይናገርም። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እንደጨረስኩት ከመጀመሪያው ጀመርኩት።

ብዙም ሳይቆይ መምህርቷ ቢሮ ትፈለጊያለሽ ተብላ ሄደች። ከዚያ ወደ ቆላ ተዛውራለች የሚል ወሬ ሰማን። ቤቷ ተቆልፏል፤ ማንንም አልተሰናበተችም። ስለ እሷ ጮክ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የዚያን ሰሞን ፍርሃት እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። የግቢው በር ሲንኳኳ መጽሐፉን የማስገባበት ጠፍቶኝ እዞራለሁ። መጽሐፉ ቢገኝብኝ ሥራዬ እንደሚያበቃ አውቃለሁ፤ ከዚያ የባሰው ግን የአባቴ ነገር ነበር። አባቴ አንኮበር ላይ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው ነው፤ የሚኖረው በቤተ ክርስቲያን መሬት ነው። ዓይኑ ደክሟል፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም የለው። ልጅህ እንዲህ ያለ ነገር ታነባለች ተብሎ ከዚያ መሬት ቢነቀል የት ይወድቃል? አንድ ማለዳ ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብዬ መጽሐፉን ልማግደው አሰብኩ። የቤተ ክህነት ልጅ ነኝ፤ እኛ ቤት የተጻፈበት ነገር መሬት ላይ ወድቆ ከተገኘ እንኳ ተነሥቶ ይሳማል። እጄ እምቢ አለኝ።

ሚያዝያ ላይ የእናቴን ሙት ዓመት ለማውጣት ወደ አንኮበር ስወርድ መጽሐፉን ልብሴ መሐል ጠቅልዬ ወሰድኩት። «አባባ፣ ይቺን ደኅና ቦታ ያስቀምጡልኝ» አልኩት። በጣቶቹ ዳሰሳትና «ሽፋኗን ማን ገፈፋት?» አለኝ። ስቀበላት እንዲህ ነበረች አልኩት። «መጽሐፍ ከሆነች ቦታዋ ማኅደር ነው» አለና ጉዳዩን ዘጋው።

ማኅደር እኛ ቤት ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው የመጽሐፍ መያዣ የቆዳ ከረጢት ነው። ሁለት ነበሩን። በአንደኛው የእናቴ የብራና ጸሎት መጽሐፍ አለ፤ የሁለተኛው መጽሐፍ ለቤተ ክርስቲያን ስለተሰጠ ባዶ ነበር። አባቴ ያቺን የተገፈፈች መጽሐፍ ባዶው ማኅደር ውስጥ ከትቶ፣ ጠፍሩን አሥሮ ከእናቴ መጽሐፍ አጠገብ ሰቀላት። ከውጭ ሲታዩ አይለያዩም። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አይገኝም ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ።

የማኅበራችንን ሥርዓት ግን ረስቼው ነበር። በሙት ዓመቱ ቀን ባልደረቦቼ በጭነት መኪና መጥተው፣ መኪናው የማይወጣውን አቀበት በእግራቸው ጨርሰው፣ በጉም ርሰው ከች አሉ። የሒሳቡም መምህር ካፖርቱን እንደለበሰ ከኋላቸው ነበር። እንኳን ደኅና መጣችሁ ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ለእናቴ አዝኜ መስሏቸው አጽናኑኝ።

ምግቡ ተበልቶ ካህናቱ ሲያሳርጉ አንድ ድምፅ በግዕዝ ጥርት አድርጎ ተቀበላቸው። የሒሳቡ መምህር ነበር። አባቴ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። ዓይኑ ይድከም እንጂ ጆሮውን የሚያህል የለም። «ይሄ የቤተ ክህነት ልጅ ነው» አለ። ከዚያ ሟቿ በየማለዳው ትደግመው የነበረውን ጸሎት አንዴ በዚህ ቤት ልስማው፣ እኔ እንዳላነበው ዓይኔ አላደርስ ብሎኛል አለና «እስቲ ልጄ፣ መጽሐፏን ከግድግዳው ላይ አውርድና አንተ ድገምልን» አለው።

የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ መሐል ቤት ቆሜ ነበር። ተነሣ። እጁን ዘረጋና በመስኮቱ በኩል ያለውን ማኅደር አወረደ። እሱ አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ግን ዘጋሁት። ብናገር ሰው ሁሉ ታዲያ በዚያኛው ውስጥ ምን አለ አይልም? ጠፍሩን ፈታ፣ መጽሐፉን አወጣ፣ ገለጠ። የታተመ ወረቀት ነው፣ ያውም ሽፋን የሌለው። ገጹን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አለቀልኝ፤ ራሴንም አባቴንም ጨረስኩ አልኩ።

መጽሐፉን ወደ ደረቱ አስጠጋና ጸሎቱን ጀመረ። በግዕዝ፣ በዜማ፣ ቃል ሳይሰብር ወረደው። በቃሉ ነበር የሚደግመው፤ ዓይኑ ግን ከጭሰኛው ታሪክ አልተነሣም፣ በየመሐሉም ገጽ ይገልጣል። ካህናቱ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ሲጨርስ መጽሐፉን ማኅደሩ ውስጥ መልሶ፣ ጠፍሩን አሥሮ በቦታው ሰቀለው። አባቴ አለቀሰ።

ሰዉ ወደ ውጭ ሲወጣ አባቴ እጄን ያዘኝ። «የእናትሽ መጽሐፍ ብራና ነው፤ ሲገለጥ እንዲህ አይንኮሻኮሽም» አለኝ በሹክሹክታ። «ልጁን ትፈሪዋለሽ?» አለኝ። እፈራዋለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና እጄን ለቀቀኝ።

እንግዶቼን ወደ መኪናው ስሸኝ የሒሳቡ መምህር ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ጠበቀኝ። «ጥቂት ገጽ ብቻ ነው ያየሁት። ካላስቸገርኩዎ ቀሪውን ያውሱኝ» አለ። ከነካፖርቱ፣ ከነዝግታው። ብሰጠው ማስረጃዬን በገዛ እጄ ማስረከቤ ነው፤ ብከለክለው ደግሞ ያየውን አይቷል። ተመልሼ ሄጄ ማኅደሩን ከግድግዳው አወረድኩና ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለ።

ያን ክረምት እንዴት እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ እሱም የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የሰው እግር ይመስለኛል። ለአባቴ የሚሆን ስንቅ አዘጋጅቼ፣ ቢወስዱኝ ማን ያደርስለታል እያልኩ ጎረቤቶቼን በዓይኔ እመርጥ ነበር። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴም አለፈ፤ ማንም አልመጣም። አለመምጣታቸውም ራሱ አስፈራኝ።

የጳጉሜኑ ተራ የአማርኛው መምህር ቤት ነበር። የሒሳቡ መምህር ቀድሞ መጥቶ ጥጉን ይዟል። ዳቦው ተቆረሰና ሽማግሌው እንደ ወጉ «ዘንድሮ ምን አነበባችሁ?» አሉ። በጉም ገብሱም እንዳምናው ተመሰገኑ። እኔ ዘንድሮ ብዙም አላነበብኩም ብዬ አለፍኩ። የሒሳቡ መምህር ተራ ሲደርስ ከካፖርቱ ውስጥ የአባቴን ማኅደር አወጣና ጉልበቱ ላይ አኖረው። ሌሎቹ የጸሎት መጽሐፍ መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ከዘንድሮዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው» አለ በዚያ ዝግተኛ ድምፁ። «አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ደራሲው መጨረሻው ላይ ፈርቷል። ልጅቷን በሩ ላይ ጥሏት ሸሸ።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። እሳት ሆኜ ብድግ አልኩ። «አልሸሸም!» አልኩት። «አንተ አንብበኸዋል? ልጅቷ በሩን የቀረቀረችው ገና የመጨረሻው ምዕራፍ ሲጀምር ነው፣ አባቷ ክፈቺ ሲላት እንኳ አልከፈተችም። በሩ ተከፈተ ቢል የባለመሬቱ ታሪክ ይሆን ነበር፣ አልተከፈተም ቢል ደግሞ ተረት። አንተ ብትሆን...»

እዚህ ላይ ራሴን ሰማሁት። አንድ ባልደረባዬን በሰው ፊት አንተ ብያለሁ። ከዚያም አልፎ ያቺን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ማንበቤን ሁሉም ሰምተዋል። የጂኦግራፊው መምህር የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ መሬት አኖረ። ውጭ መንገዱ ላይ የሰው ኮቴ ይሰማል።

የአማርኛው መምህር ከወንበራቸው ተነሡ። መስኮቱን ዘጉ፤ በሩንም ቀረቀሩና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ቀጥዪ» አሉኝ።