ወረቀት ያለፈበት ተረከዝ

የእንሰት መፋቂያ ጣውላ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። ቆጮ በልቼ ያደግሁ ሰው ሆኜ ይህን ስናገር ሆሳዕና ውስጥ የሚያዝንልኝ የለም፤ «ከተማ ገባችና ተጸየፈችን» ይሉኛል። ይበሉ።

ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ የሚሉት፣ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የጡንቻ ችግር አለባት። የባቷ ጡንቻ እንደተወጠረ ነው፤ ተረከዟን ወደ ላይ ስለሚስበው በጣቶቿ ጫፍ ነበር የምትራመደው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ቀስ እያልን እንድናፍታታት አሳየንና አስጠነቀቀን። እግሯ ቅርጹን ካልሳተ የፕላስቲክ ድጋፍ ይሠራላታል፣ በእግሯ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ከተበላሸ ግን ድጋፉም አይገባላትም። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የነገረኝን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፌ መጣሁ።

ሰፈሩ ደብተር አያነብም። «እስቲ ልየው» የማይል የለም። ቅቤ በነካ ጣቱ የልጄን እግር እንደ ገበያ ዶሮ የሚያገላብጠውን ሁሉ፣ ቡና እያቀረብኩ በሆዴ ስሰድበው እውላለሁ። አንዳንዱ ጨብጦ ሲያበቃ እጁን በጋቢው ይጠርጋል። እሱን እንኳ ባላይ ደስ ባለኝ።

አንድ ቀን አክስቴ ከገጠር፣ ከጃጁራ መጣች። እንሰት የምትፍቅ ሴት ልጡን ጣውላው ላይ ወጥራ የምትይዘው በተረከዟ ነው፤ አክስቴም ዕድሜዋን በዚያ ጨርሳለች።

«እግር የሚገራው ጣውላ ላይ ነው» አለችኝ። «እሰሪያት። የእኛ ተረከዝ በምን የጠና ይመስልሻል?»

የተማርኩት እኔ፣ ደብተር የያዝኩት እኔ፣ እሺ አልኳት። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ የልጄን ውስጥ እግር አክስቴ ያመጣችው ያ ኮምጣጣ ጣውላ ላይ እለጥፍና ጣቶቿን በቃጫ ወደ ቅልጥሟ ስቤ አስራለሁ። ታለቅሳለች።

«ተረከዝሽን ነው?»

«አይደለም፣ መሃሉን።»

«መሃል የሚባል የለም! ተረከዝሽ እየወረደ ስለሆነ ነው። ዝም በይ!»

ከሁለት ወር በኋላ ስትቆም እግሯ መሬት ላይ ለጥ አለ። ጎረቤት እልል አለ። እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሜ መሰከርኩ፤ ልጄንም ጫማዋን አስወልቄ አሳየኋቸው። ያን ቀን ሳስታውስ ራሴን እጠላዋለሁ።

ባለሙያው ዘንድ የሄድኩት ልኩራራበት ነበር። አቆማትና ጎንበስ እንዳለ የቀጠሮ ካርዷን ሰጠኝ።

«እናት፣ እስቲ ይህችን ከተረከዟ ሥር ያስገቡ።»

ገባች። ምንም ሳይዛት በወዲያ በኩል ወጣች። የልጄ ተረከዝ መሬት ነክቶ አያውቅም።

«ባቷ አልተለጠጠም» አለ። «እግሯን ከፊት በኩል በኃይል ሲስቡት ጠንካራው ጡንቻ እምቢ ይላል፤ የሚሸነፈው መሃሉ ነው። መሃሉ ታጥፏል። አሁን ድጋፍ ብንሠራላትም ያቆስላታል፤ በመጀመሪያ ሐኪም ይያት።»

ጎድጎድ ማለት የነበረበት ውስጥ እግሯ ወደ ታች ጎብጦ ነበር። እኔ ይህንን ነው ለጉባኤ ያሳየሁት። አክስቴን ልወቅስ ከጀለኝ፤ ግን ቃጫውን የሚያጠብቀው የእኔ እጅ ነበር።

ባለሙያው ቁጢጥ ብሎ ልጄን ጠየቃት። «የእኔ ቆንጆ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?»

ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«እማዬ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «መሃል አለ ልበለው?»