የአዴ ዘይነባ እባጭ

ከሞጣ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። እናቴ አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆማ የዳቦ ቆሎውን ፌስታል አቀበለችኝና «ባሌ ግን በየት በኩል ነው?» አለችኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ነርስ ሆኜ ስመደብ ስሙን ወረቀት ላይ አነበብኩት፣ በቃ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ብርድ የምታውቁ ይመስላችኋል። የተመደብኩባት ሮቤ ኅዳር ላይ ያሰጣሁትን ፎጣ ጠዋት በውርጭ እንደ ቁርበት ደርቆ ነው የማገኘው። ማርቃ የሚሉት የገብስ ገንፏቸው ግን ከእናቴ ገንፎ ይበልጣል፤ ይህን እንዳትነግሩብኝ።

ቤት ስከራይ አከራይዋ እትዬ አስካለ መረመሩኝ።

«ሆስፒታሉ ውስጥ የት ክፍል ነው የምትሠሪ?»

«ካንሰር ክፍል።»

«በስመአብ! ይተላለፋል?»

«ኧረ አይተላለፍም።»

«ታዲያ ጓንት ለምን ታደርጋላችሁ?»

መልሴን ሳይጠብቁ «ለማንኛውም ልብስሽን ከእኔ ልብስ ጋር አንድ ገመድ ላይ አታስጪ» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

አዴ ዘይነባን ከደሎ መና ወደ ሆስፒታላችን ያመጣቸው ልጃቸው ጀማል ነው። አዴ እዚህ የትልቅ ሴት ማክበሪያ ነው። ጡታቸው ላይ የወጣው እብጠት ተመርምሮ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ጀማል ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

«ሲስተር፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ለእናቴ እንዳትነግሪብኝ። እባጭ ነው ብያታለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ኢንሻአላህ፣ እስክትድን።»

ሐኪሙ እብጠቱ ገና እንዳልተሰራጨ፣ አሁን በኦፕራሲዮን ወጥቶ ኬሞ ቢከተል ተስፋ እንዳለው ነገረን። አገራቸው ሄደው ከቆዩ ግን አይደረስበትም። አዴ ዘይነባ እምቢ አሉ። «ለእባጭ ደግሞ ምን ቢላ ያስፈልጋል? ማር ይቀባበታል። ደሎ ማር ሞልቷል» ይላሉ። ጀማል የስምምነቱን ፎርም እኔ ልፈርምላት ብሎ ቢለምን ሐኪሙ «ጡቱ የማን ነው?» ብሎ መለሰው።

በሦስተኛው ቀን አዴ ዘይነባ ጓዛቸውን ሸክፈው አገኘኋቸው። ከእጃቸው ላይ መርፌውን ስነቅል መጋረጃውን እንድዘጋ ጠቆሙኝ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጀማል እንዳይሰማ። ይሄ ካንሰር ነው።»

«ማን ነገረዎት?»

«እህቴ በዚሁ ነው የሞተችው። እኔ ነኝ ሳስታምማት የነበርኩት፤ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ኦፕራሲዮኑን ለምን እምቢ አሉ?»

«እሺ ካልኩ ካንሰር መሆኑን ያውቃላ! ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ልቡ ስስ ነው። እባጭ ነው ብሎ ስንት ተደስቷል።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ተናደድኩ። እናትና ልጅ ሲተዛዘኑ ሴትዮዋ ልትሞት ነው። ጀማልን ጠርቼ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እናንተ ደግሞ ለሁለት ደበቃችሁት» አልኳቸው። ያለቀሰው ጀማል ነው። አዴ ዘይነባ ጀርባውን እያሻሹ «ፎርሙን አምጪው» አሉኝና አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ፎርሙ ላይ ፈረሙ።

ኦፕራሲዮኑ በማግስቱ ተሠራ፤ ደህና ሆነ። አሁን ለኬሞ ይመላለሳሉ። ፀጉራቸው ረግፏል፣ አፋቸው ግን እንዳለ ነው።

ፎርሙ የተፈረመ ዕለት ከሥራ ስወጣ ወደ ሞጣ ደወልኩ።

«ዛሬስ ስንት አዋለድሽ?» አለችኝ እናቴ።

እናቴ የምሠራው ማዋለጃ ክፍል ይመስላታል። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው እንዲያ ያልኳት፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

«ሁለት» አልኳት።

«ምን ምን?»

«አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት።»

እልል አለች። ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ አርቄ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። መሀል ላይ ትንፋሽ አጠራት፤ ድሮ እንዲህ አልነበረችም።

«አንቺስ? ደህና ነሽ?» አልኳት።

«እኔ ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ» አለችኝ። በጣም ቶሎ ነው ያለችኝ።