ያልተማርኩት ሦስተኛ ክፍል

ባለፈው ሳምንት ከሬዲዮኔ ውስጥ የሞተ የባትሪ ድንጋይ ሳወጣ፣ ፈንድቶ ኖሮ ጥቁሩ ዱቄት እጄን አበላሸው። ሽታው እንደሸተተኝ ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሰበታ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ የትምህርት ቤታችንን ሰሌዳ የምናጠቁረው በዚሁ ዱቄትና በተጨቀጨቀ ቅጠል ነበር። ሰሌዳው ትዝ ካለኝ ደግሞ ጋሼ ተፈራ አይቀሩም።

ጋሼ ተፈራ ዲሬክተራችን ነበሩ። ካኪ ኮት ይለብሳሉ፤ ከደረት ኪሳቸው ቀይ እርሳስ አይለይም። አንድ ልጅ ወደፊት ምን እንደሚወጣው ለማወቅ አንድ ጠዋት ይበቃቸዋል። “የሚያጠግብ እንጀራ ከምጣዱ ያስታውቃል” ብለው ይፈርዳሉ፤ ይግባኝ የለም።

አባቴ ጸሐፊ ስለነበር እኔ ማንበብ የለመድኩት ቤት ውስጥ ነው። በስድስት ዓመቴ ልመዘገብ ስሄድ ጋሼ ተፈራ ጋዜጣ ሰጡኝ፤ ሳልደናቀፍ አነበብኩላቸው። መዘዙም ከዚያ ጀመረ። አንደኛ ክፍልን ሳላሞቀው ሁለተኛ አስገቡኝ። በዓመቱ ደግሞ ሦስተኛን አዘልለው አራተኛ። እናቴ “ልጄ ደብል መታች!” እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰች። ማካፈል የሚማሩት ሦስተኛ ክፍል መሆኑን ግን አንድም ሰው አላሰበም።

የአራተኛ ክፍል መምህር “ይሄንንማ ታውቁታላችሁ” ብሎ አለፈው። እኔም የሚያውቅ ሰው ፊት አሳየሁ። ምን ላድርግ? አንዴ ጎበዝ ተብያለሁ፣ አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ። ከጎኔ ካለችው ልጅ መገልበጥ ያዝኩ። ይባስ ብሎ ኢንስፔክተር በመጣ ቁጥር ጋሼ ተፈራ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያስጠሩኝና እንግዳ ፊት ያስነብቡኛል። ደረጃዬ ከአንደኛ ዘጠነኛ፣ ከዘጠነኛ ሠላሳኛ ሲወርድ “ትንሽ ተዘናግተሽ ነው” ብለው ካርዴ ላይ በቀይ እርሳሳቸው ፈረሙ። ሰው እንዴት ዓይን እያለው አያይም!

ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወደቅሁ። አባቴ “እንግዲህ ይብቃት፣ ቤት ቁጭ ብላ እናቷን ታግዝ” አለ። ጋሼ ተፈራ ግን “የአራሚ ስህተት ነው!” ብለው የፈተና ወረቀቴን ሊያስመረምሩ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዱ። በማግስቱ የሐምሌ ዝናብ እንዳበሰበሳቸው ቤታችን መጡ። ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ አሉ። ባዶው ትምህርት ቤት ወስደው ሰሌዳ ፊት አቆሙኝ።

“መቶ ሰባ ስድስትን ለስምንት አካፍዪ።”

ጠመኔውን ይዤ ቀረሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

“ማካፈል አትችዪም?”

“አልችልም፣ ጋሼ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“እርስዎ መች ጠየቁኝ? በጠሩኝ ቁጥር ‘አንብቢ’ ነው የሚሉኝ።”

ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱ። ይቅርታ? እሳቸው እቴ! አባቴን ለምነው ክረምቱን ሙሉ ሦስተኛ ክፍልን ለብቻዬ አስተማሩኝ። በተከታዩ ዓመት ደግሜ ተፈትኜ አለፍኩ።

ከዚያ በፊት ግን፣ መስከረም ላይ ስምንተኛን ልደግም ስመዘገብ፣ ኦቦ በዳዳ የሚባሉ፣ ተጂ ከምትባል አገር የመጡ ገበሬ ትንሽ ልጃቸውን ይዘው ቢሮው ገቡ። ልጅቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አነበበችው።

“ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ! ይቺ እኮ ሁሉን ታውቃለች። ከፍ ያለ ክፍል ያስገቡልኝ” አሉ ኦቦ በዳዳ።

ጋሼ ተፈራ ልጅቱን አዩ። ቀጥለው ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

“ማካፈልስ ትችላለች?”

“እሱን እንኳ ገና ነች።”

“እንግዲያው አንደኛ ክፍል ትግባ። ሁሉንም በተራው ትማራለች።”

ኦቦ በዳዳ ተቆጡ፣ ተከራከሩ። ጋሼ ተፈራ ንቅንቅ አላሉም። ለልጅቱ ደስ አለኝ። ግን ንዴቱ እዚያው ቆሜ ጀመረኝ፤ ያችን አንዲት ጥያቄ እኔንም ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?